ሲኒው አለ፤ አጣቢው የት ሄደ?

ተጠቅሞ ከሚጣል የቡና ኩባያ ለመላቀቅ፦ ከቤት እስከ ዕድር ድንኳን

የሰፈርዎን የዕድር ዕቃ ቤት ከፍተው ያውቃሉ? ድንኳኑ ተጠቅልሎ፣ አግዳሚው ተደራርቦ፣ ጎላው ተደፍቶ፣ ሲኒና ብርጭቆው በካርቶን በደርዘን በደርዘን ተቀምጦ ያገኙታል። ሁሉም አባላት በየወሩ ካዋጡት ገንዘብ የተገዛ ነው። ለቅሶ በተደረሰ ማግስት ከድንኳኑ ጀርባ የሚታየው ግን ሌላ ነው፤ በማዳበሪያ ጆንያ የታጨቀ፣ የተጨማደደ የፕላስቲክ ኩባያ። ሲኒው ካርቶኑ ውስጥ ተኝቶ ሳለ ኩባያው ከሱቅ በጥቅል ተገዝቶ መጣ።

ለምን ብለው ቢጠይቁ ሲኒ ጠላሁ የሚል አያገኙም። መልሱ "ማን ያጥበዋል?" ነው። ውሃው በፈረቃ ነው፣ ልጆቹ ሥራ ውለዋል፣ የኮሮና ጊዜ ፍርሃትም ከብዙዎቻችን ጋር ቀርቷል። በመሥሪያ ቤትም፣ በካፌም፣ በመንገድ ዳር ቡናም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። ስለዚህ ይህ መመሪያ ስለ አካባቢ ፍቅር አይሰብክም። ሥራው አጣቢውን ፈልጎ ማምጣት ነው።

ወደ ደረጃዎቹ ከመግባታችን በፊት፣ ስለምንጥለው ዕቃ ጥቂት እንበል።

የወረቀት ኩባያው ወረቀት ብቻ አይደለም

ወረቀት ውሃ ይጠጣል። ትኩስ ቡና ይዞ እንዳይረጥብ ውስጡ በስስ ላስቲክ፣ አብዛኛውን ጊዜ በፖሊኢትሊን፣ ይለበጣል። ያ ሽፋን ከወረቀቱ ጋር ተጣብቆ የተሠራ ስለሆነ ለመለየት ልዩ ማሽን ይፈልጋል። ተራ የወረቀት ፋብሪካ አይቀበለውም። ሃይላንዱን፣ ቆርቆሮውን፣ አሮጌውን ጫማ የሚገዛው ቆራሌ እንኳ የቡና ኩባያ ብሎ አይጣራም። መጨረሻው ወይ ቦይ ነው፣ ወይ የቆሻሻ መጣያ። አዲስ አበቤ ደግሞ የቆሻሻ ክምር ምን ሊያደርግ እንደሚችል ያውቃል፤ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሼ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞተዋል።

እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ የሕንዱ ካራግፑር ቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች ጥናት ደግሞ ወደ ኩባያው ውስጥ ይመልሰናል። 100 ሚሊ ሊትር ትኩስ ውሃ በወረቀት ኩባያ ውስጥ ለ15 ደቂቃ ሲቆይ ወደ 25,000 የሚጠጉ በዓይን የማይታዩ የፕላስቲክ ቅንጣቶች ውሃው ውስጥ ተገኝተዋል።

የሚገርመው፣ ይህ ኩባያ የተወለደው ከንጽሕና ጭንቀት ነው። ከመቶ ዓመት በፊት በአሜሪካ ባቡር ጣቢያዎችና ትምህርት ቤቶች ሰው ሁሉ ከአንድ የብረት ኩባያ ውሃ ይጠጣ ነበር፤ ሳንባ ነቀርሳም አብሮ ይዞር ነበር። ሎውረንስ ሉለን የተባለ የቦስተን ጠበቃ እ.ኤ.አ. በ1907 ገደማ የወረቀት ኩባያ ሠራ፤ የካንሳስ ግዛትም በ1909 የጋራውን ኩባያ ከለከለች። የኛም ለቅሶ ቤት የሚፈራው ይህንኑ ነው። ፍርሃቱ አይናቅም። ግን መድኃኒቱ መጣል ብቻ ሳይሆን በትክክል ማጠብም ነው።

1ኛ፦ ለአንድ ሳምንት ይቁጠሩ

ምንም ነገር ሳይቀይሩ፣ ለሰባት ቀን ብቻ፣ የጣሉትን ኩባያ ሁሉ በስልክዎ ወይም በማስታወሻ ይመዝግቡ። ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን ቦታውንም ይጻፉ፦ ቢሮ፣ ካፌ፣ መንገድ ዳር፣ ለቅሶ፣ ስብሰባ።

ሁለት ጥቅም አለው። አንደኛ፣ ቁጥሩ ያስደነግጣል፤ በቀን ሁለት፣ በሳምንት ስድስት ቀን የሚጥል ሰው በዓመት 624 ኩባያ ይጥላል። ሁለተኛ፣ ትግሉ የት እንደሆነ ይታወቃል። ከአሥሩ ስምንቱ ከቢሮ የሚመጣ ከሆነ ለካፌ ኩባያ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። በቀጥታ ወደ 6ኛው ደረጃ ይሂዱ።

2ኛ፦ መጀመሪያ ያለዎትን ያንሱ

ቡፌው ውስጥ ለእንግዳ የተቀመጠው ሲኒ፣ ከሆነ ሥልጠና የተሰጠዎት ባለ አርማ ኩባያ፣ የልጅዎ የድሮ ፔርሙዝ ክዳን፣ ማንኛቸውም ከአዲስ ግዢ ይሻላሉ። ማርቲን ሆኪንግ የተባለ የካናዳ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጣው ስሌት፣ ለመሥራትና ለማጠብ የሚወጣው ኃይል ሲደመር፣ የሸክላ ኩባያ ከወረቀት ኩባያ እኩል የሚሆነው ከ39 ጊዜ አገልግሎት በኋላ ነው፤ የብርጭቆ ከ15 ጊዜ በኋላ። በቀን ሁለት ጊዜ የሚታጠብ ሲኒ ይህን በሦስት ሳምንት ያልፈዋል። አምሮት ተገዝቶ ቁም ሳጥን ውስጥ የቀረ ኩባያ ግን መቼም አያልፈውም።

መግዛት ግድ ከሆነ እነዚህን ይመልከቱ፦

• መጠኑ ከሚጠጡት ጋር ይሂድ። ማኪያቶ ለሚጠጣ ሰው 350 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ኩባያ ገንዳ ነው፤ ወተቱ ከግድግዳው ተጣብቆ ይቀዘቅዛል። ከ120 እስከ 180 ሚሊ ሊትር በቂ ነው።

• ቁመቱ አጭር ይሁን። ረጅም ኩባያ በቡና ማሽኑ አፍ ሥር አይገባም፤ ያኔ ባሪስታው በሌላ ዕቃ ቀድቶ ይገለብጥልዎታል።

• ለቦርሳ ስቴንለስ፣ ለጠረጴዛ ሸክላ ወይም ብርጭቆ ይምረጡ። የማርማላታ ብልቃጥ ለመያዝ ካሰቡ መጀመሪያ በለብታ ውሃ ያሙቁት፤ ቀዝቃዛ ብልቃጥ ላይ የፈላ ቢጨመር ይሰነጠቃል።

• "ከቀርከሃ የተሠራ" የሚለውን ይጠንቀቁ። ብዙዎቹ የቀርከሃ ዱቄት በሜላሚን ሙጫ ተለውሶ የተሠሩ ናቸው። የጀርመን የምግብ ደኅንነት ምዘና ተቋም እ.ኤ.አ. በ2020 እነዚህ ኩባያዎች ትኩስ መጠጥ ሲገባባቸው ፎርማልዲሃይድና ሜላሚን ሊለቁ እንደሚችሉ አስጠንቅቋል።

• "ይበሰብሳል" የተባለውም ኩባያ ብዙ ጊዜ የሚበሰብሰው ወደ 60 ዲግሪ በሚጠጋ ሙቀት በሚሠራ ማብላያ ውስጥ ነው። ጓሮዎ ቢቀብሩት ለረጅም ጊዜ ሳይለወጥ ይቆያል።

3ኛ፦ በአንድ ጄሪካን ውሃ ማጠብ ይልመዱ

ዋናው ደረጃ ይህ ነው፤ የቀሩት ሁሉ በዚህ ላይ ይቆማሉ። ውሃ በሌለበት ቀን ባለ 20 ሊትር ጄሪካንና ሦስት ሳፋ ይበቃሉ። በየሳፋው አምስት አምስት ሊትር ይጨምሩ፤ የቀረው አምስት ሊትር መለወጫ ነው።

ሀ. አተላውን በደረቁ ይድፉ። የቡና አተላ ሳፋ ውስጥ ከገባ ውሃው ወዲያው ይደፈርሳል፤ ውሃ የሚፈጀውም ይኸው ነው። ለአተላ ብቻ የሚሆን ቆርቆሮ አጠገብዎ ያስቀምጡ።

ለ. የመጀመሪያው ሳፋ ሞቅ ያለ የሳሙና ውሃ ይሁን። የሲኒውን ከንፈር በጣት ሳይሆን በስፖንጅ ይሹት፤ ከአፍ የሚገናኘው እሱ ነው። ወተት የነካው ዕቃ በመጨረሻ ይታጠብ።

ሐ. ሁለተኛው ሳፋ ንጹሕ ውሃ፣ ሳሙናውን ማለቅለቂያ።

መ. ሦስተኛው ሳፋ ጀርም መግደያ። ክሎሪኑ 5 ከመቶ የሆነ፣ ሽቶ ያልተቀላቀለበት በረኪና ከተገኘ ለአምስት ሊትር ውሃ ሁለት የሻይ ማንኪያ (10 ሚሊ ሊትር) ይበቃል። ዕቃውን ለሁለት ደቂቃ ይንከሩት። በረኪናን ከሎሚ፣ ከኮምጣጤ ወይም ከሌላ ማጽጃ ጋር ፈጽሞ አይቀላቅሉ፤ መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል። በረኪና ካልወደዱ የፈላ ውሃ ያፍሱበት።

ሠ. በጨርቅ አይወልውሉ። ቀኑን ሙሉ ሲረጥብ የዋለ ጨርቅ የታጠበውን ሲኒ መልሶ ያቆሽሸዋል። ንጹሕ ወንፊት ወይም የዕቃ ማድረቂያ ላይ ደፍተው በአየር ይድረቅ።

ሁለተኛው ሳፋ ሲደፈርስ ውሃውን ወደ መጀመሪያው ያዛውሩት፤ ሁለተኛውን ከመለወጫው ይሙሉ። ሁለት ሰው ተቀባብሎ ሲሠራ የድንኳን ሙሉ ሲኒ ከወሬ ጋር ያልቃል።

4ኛ፦ መንገድ ዳር ቡና ሲጠጡ

የጀበና ቡና የምትሸጠው እህት ዱሮውንም ሥርዓቱን ይዛዋለች። ረከቦቷ ላይ ሲኒ ደርድራለች፤ ለአጠገቧ ባለሱቆች ደግሞ በትሪ ትልካለች፤ ከዚያ ባዶውን ትሰበስባለች። ወደ ወረቀት ኩባያ የሚገፋት "ይዤ ልሂድ" የሚለው ደንበኛ ነው፣ እንዲሁም ወስዶ የማይመልሰው።

ስለዚህ፦ ጊዜ ካለዎት በርጩማው ላይ ይቀመጡ፤ አንድ ሲኒ ቡና ከአምስት ደቂቃ አያልፍም። የግድ መሄድ ካለብዎት የራስዎን ይዘርጉና "እህቴ፣ በዚችው ቅጂልኝ" ይበሏት። የእሷን ሲኒ ወደ ሱቅዎ ከወሰዱ ራስዎ ይመልሱ፤ የጠፋ ሲኒ ከትርፏ ነው የሚቆረጠው። አዲስ ደንበኛ ከሆኑ መያዣ ያስይዙ። ለለስላሳና ለቢራ ጠርሙስ መያዣ መክፈልን ማንም አላስተማረንም፤ ሲኒም ያው ነው። የጀርመኗ ፍራይቡርግ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2016 ያስጀመረችው የጋራ የቡና ኩባያ የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነበር፦ አንድ ዩሮ መያዣ ከፍለው ይወስዳሉ፣ በሌላ ካፌ መልሰው ገንዘብዎን ይቀበላሉ።

የሲኒዋ ንጽሕና ካሳሰበዎት ቅር እንደተሰኙ ዝም ብለው አይለፉ። "ውሃውን ትቀይሪልኛለሽ?" ብሎ በትሕትና መጠየቅ ነውር አይደለም። ቋሚ ደንበኛ ከሆኑ ሦስተኛዋን ሳፋ ቢገዙላት ደግሞ ምርቃት ያተርፋሉ።

5ኛ፦ ካፌ ሲገቡ

ከሁሉም የሚረክሰው መፍትሔ ቁጭ ብሎ በብርጭቆ መጠጣት ነው። ማኪያቶ በብርጭቆ የሚያምረው ንብርብሩ ስለሚታይ ነው፤ በወረቀት ኩባያ ማን ያየዋል?

ቴክ አዌይ ከሆነ ኩባያዎን ከማዘዝዎ በፊት ያውጡ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ኩባያውን ከቦርሳ የሚያወጣው ባሪስታው በወረቀቱ ከቀዳ በኋላ ነው። ኩባያዎ ንጹሕና ደረቅ ይሁን፤ ቆሻሻ ኩባያ ይዞ መቅረብ ሠራተኛውን ማስቸገር ነው። "ልኩን አላውቀውም" ካሉዎት፣ በራሳቸው ብርጭቆ ለክተው እንዲገለብጡልዎ ይጠይቁ። ማኪያቶዎ እንዳይቀዘቅዝም ኩባያውን ከማሽኑ በሚወጣ ፍል ውሃ እንዲያለቀልቁልዎ ይበሉ። ክዳን፣ ማማሰያና ስትሮ አልፈልግም ማለትንም አይርሱ። ከጠጡ በኋላ ኩባያውን ወዲያው በውሃ ያለቅልቁ፤ ክዳኑ ውስጥ ያለውን ጎማ አውጥተው ካላጠቡ ወተቱ ይሸታል። የሸተተ እንደሆነ አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በሙቅ ውሃ በጥብጠው ያሳድሩበት።

በውጭ አገር ያላችሁ አንባቢዎች መብታችሁን ተጠቀሙበት። በጀርመን ከጥር 2023 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ተወሳጅ ቡና የሚሸጡ ካፌዎች ተመላሽ ኩባያ እንዲያቀርቡ፣ ትንንሾቹ ደግሞ ደንበኛው ባመጣው ዕቃ እንዲቀዱ ሕግ ያስገድዳቸዋል። በአሜሪካ ስታርባክስ የራሱን ኩባያ ለያዘ ደንበኛ 10 ሳንቲም ይቀንሳል።

6ኛ፦ መሥሪያ ቤት

ቢሮ ውስጥ ሲኒ የሚጠፋው ባለቤት ስለሌለው ነው። የራስዎን አምጥተው ከሥሩ በጥፍር ቀለም ስምዎን ይጻፉ፤ እጥበት በቀላሉ አያስለቅቀውም። ከዚያ ከሥራ ባልደረቦችዎ ጋር ሦስት ነገር ይስማሙ፦

• የጠጣ ያጥባል። የሻይ ቡና ሠራተኛዋ የምታፈላው ቡናውን ነው፤ የሃያ ሰው ኩባያ ማጠብ ከተጫነባት በሚቀጥለው ወር የወረቀት ኩባያ ይገዛልኝ ማለቷ አይቀርም፤ እውነትም አላት።

• ለእንግዳ አሥር ሲኒ ለብቻው ይቀመጥ።

• ለስብሰባ ቡናና ሻይ በትልቅ ፔርሙዝ ይቅረብ። የስብሰባ ጥሪው ላይ "ኩባያዎን ይዘው ይምጡ" የሚል አንድ መስመር ይጨመር።

የወረቀት ኩባያ የሚገዛበትን ደረሰኝ የሚያውቀው የግዢ ክፍል ነው። የሦስት ወሩን ደምረው ለኃላፊው ያሳዩ። ከስብከት ይልቅ ሒሳብ ቶሎ ይሰማል።

7ኛ፦ ዕድር፣ ሰርግና ማኅበር

እነሆ ወደ ጀመርንበት ድንኳን ተመለስን። ዕድር ዕቃን በጋራ ገዝቶ በጋራ የሚጠቀም ተቋም ነው፤ ፍራይቡርግ ያደረገችውን አያቶቻችን በድንኳንና በአግዳሚ ሠርተውታል። የጎደለው ጥቂት አሠራር ነው።

አንደኛ፣ ቆጠራ ይደረግ። ስንት ሲኒ አለ? ስንቱ ተሸርፏል? የተሸረፈ ሲኒ ከንፈር ይቆርጣል፣ ስንጥቁም ቆሻሻ ይይዛል፤ ይወገድ። የጎደለው ይተካ። ለፕላስቲክ ኩባያ በየለቅሶው የሚወጣው ገንዘብ ለዚህ ይበቃል።

ሁለተኛ፣ የማጠብ ተራ ይውጣ። ድንኳን ተካይና ወንበር አመላላሽ በተራ እንደሚመደብ ሁሉ፣ ለእጥበትም በየቀኑ አራት ሰው፣ ሁለት ሁለት ሆኖ በፈረቃ። ወንዶችም ይግቡበት። እስካሁን አጣቢ የጠፋው ሥራው በጥቂት ሴቶች ትከሻ ላይ ብቻ ስለተጣለ ነው፤ እነሱ ደግሞ ወጥ እየሠሩ፣ እንጀራ እያቀረቡ፣ ሐዘንተኛ እያጽናኑ ነው። የፕላስቲክ ኩባያን የመረጡት ከስንፍና አይደለም፤ እርዳታ ስላጡ ነው።

ሦስተኛ፣ መመለሻው ይታይ። ባዶ ሲኒ የሚደፋበት ሰፊ ትሪ ድንኳኑ በር ላይ ይቀመጥ፤ አጠገቡም የአተላ ባልዲ። ሰው የት እንደሚያኖረው ካላወቀ ወንበር ሥር ያስቀምጠዋል፤ ያኔ በእግር ይሰበራል።

አራተኛ፣ የተሰበረ ይተካ። ብዙ ዕድር ለጠፋ ዕቃ ቅጣት አለው፤ ሲኒንም በዝርዝሩ ያስገቡ።

ለሰርግም፣ ለማኅበርም፣ ለልደትም መንገዱ አንድ ነው፤ ዕቃ የሚያከራዩ ሰዎች ብርጭቆና ሲኒ አብረው ያከራያሉ። ኪራዩን ከፕላስቲክ ኩባያው ዋጋ ጋር ሲያነጻጽሩ የቆሻሻ ማስጠረጊያውንም ይደምሩ።

በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ፌስታልን ከልክሏል። ኩባያን ግን ዕድርዎ ዛሬ በራሱ መተዳደሪያ ደንብ ማስቆም ይችላል፤ ሕግ መጠበቅ አያስፈልገውም።

8ኛ፦ ከሲኒው አልፈው ምድጃውንና አተላውን ይዩ

ኩባያውን ካሸነፉ በኋላ ወደ ጀበናው ዝቅ ይበሉ። ከሰል የሚመጣው ከዛፍ ነው። ውሃውን በኤሌክትሪክ ማፍያ አሙቀው ወደ ጀበና ቢገለብጡ ከሰሉ የሚሠራው የመጨረሻውን ማፍላት ብቻ ይሆናል። ተራውን የቆርቆሮ ምድጃ "ላቀች" በተባለው ከሰል ቆጣቢ ምድጃ ይቀይሩ። ኤሌክትሪክ ምድጃ ያለው ሰው ጀበናውን እዚያው መጣድ ይችላል፤ ኢንዳክሽን የሚባለው ዓይነት ግን ሸክላ አያሞቅም። ከሰል ካነደዱም በርና መስኮት ክፍት ይሁን፤ ጭሱ ሳይታይ የሚገድል ጋዝ አለው።

አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብሎ ከአንድ ዱቄት ሦስት ዙር ማውጣት ብልህ ቁጠባ ነው፤ ይጠብቁት። ከበረካ በኋላ የሚቀረው አተላ ደግሞ ናይትሮጅን አለው፤ ጤና አዳሙም በሶብላውም ይወደዋል። ግን ወፍራም አድርገው አያልብሱት፤ ሲደርቅ እንደ ቅርፊት ሆኖ ውሃ አያሳልፍም። አንድ እጅ አተላ ከአራት እጅ አፈር ወይም ቅጠላ ቅጠል ጋር ይቀላቅሉ። ገና ለሚበቅል ችግኝ አይስጡ።

ፈንዲሻው ከፌስታል ወደ ሰፌድ ይመለስ። የፕላስቲክ ቄጠማ ካለዎት እስኪያልቅ እያጠቡ ይጠቀሙበት፤ ሲያልቅ እውነተኛውን ይጎዝጉዙ።

ከየት ይጀምሩ?

ስምንቱንም በአንድ ሳምንት አይሞክሩ፤ ይሰለቻሉ። በዚህ ሳምንት ይቁጠሩ። በሚቀጥለው አንድ ኩባያ ቦርሳዎ ውስጥ፣ አንዱን ደግሞ ቢሮ ጠረጴዛዎ ላይ ያኑሩ። በወሩ መጨረሻ የዕድር ስብሰባ አለ፤ መዋጮ ተከፍሎ፣ ቀሪና ገቢው ተነግሮ ሲያበቃ "ሌላ ጥያቄ ያለው?" ይባላል። ያኔ እጅዎን ያውጡና ይጠይቁ፦ "የሲኒው ካርቶን ቁልፍ ማን ጋ ነው?" የማጠብ ተራው ላይም የመጀመሪያውን ስም የራስዎን ያስመዝግቡ።